አጥር ላይ የቀረው ቁልፍ

በመንደራችን በዋርካ በር ቤት የሚለቅ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሲያበቃ መጥረጊያ ሳያነሳ ወደ ጋሪው ካመራ፣ ጎረቤት አይቶ ዝም አይለውም። አንዲት አባባል ይወረውርለታል። ሰውየው ወይ ይስቃል ወይ ያፍራል፤ ብቻ ተመልሶ ይጠርጋል። ብዙ ሰው አባባሏን ቤት አከራዮች ለራሳቸው እንዲመቻቸው የፈጠሯት ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም። ታሪክ አላት። እኔ ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ የማውቀውን ያወቅሁት ሰው ሲናገር ባለማቋረጥ ነው። ይህንንም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አረፍ ከሚሉ ሽማግሌዎች ጥቂት በጥቂት ለቀምሁት። አንዱ መጀመሪያውን ያውቃል፣ ሌላው መጨረሻውን። ሲገጣጠም እንዲህ ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ፤ መንደሩ እማማ ደብሪቱ ይላቸዋል። ከመኖሪያ ቤታቸው ጀርባ አንዲት ክፍል ቤት ነበረቻቸው። ድሮ ማድቤት የነበረች ናት። ግድግዳዋ ጥላሸት የጠጣ፣ መስኮት የሌላት፤ ለጢስ መውጫ የተተወች ቀዳዳ ብቻ ነበረቻት፤ እሷም በአሮጌ ጆንያ ተወትፋ ትኖር ነበር። ይህችን ቤት አናጢው ዘውገ ተከራያት። ያኔ ወንደላጤ ስለነበር ጥላሸቱ ግድ አልሰጠውም። ማታ ገብቶ ይተኛል፣ ጠዋት መጋዙን ይዞ ይወጣል፣ አለቀ።

አንጓችን ሲያገባ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሙሽራዪቱ ሳትገባ ጥላሸቱን በመጥረቢያ ስለት ፍቆ ፍቆ ግድግዳውን በኖራ አነጣው። ቀዳዳዋን አስፍቶ የዋንዛ መስኮት ገጠመላት፤ ከጫካ እስከ ግድግዳ በራሱ እጅ የሠራት መስኮት ናት። ስትከፈት ድምፅ የላትም፤ ስትዘጋ ነፋስ አታሾልክም። እማማ ደብሪቱ አይተው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ዘውገ፣ ሙሽራዋ አንጓች ናት ወይስ ቤቴ?»

ከዚያ ወዲህ የአከራይና የተከራይ ነገር ቀረ። የእማማ ደብሪቱ በር ሲላላ ዘውገ ይጠግናል፤ አንጓች ስትታመም እማማ ደብሪቱ አጥሚት ይዘው ይገባሉ። ቤቲቱ የማን እንደሆነች ማንም አያነሳም ነበር። እንዲህ ያለ ፍቅር ጥሩ ነው። ነገር ግን ሰው ሳያውቀው የሰውን ነገር የራሱ አድርጎ የሚያስበው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

አንድ ክረምት የእማማ ደብሪቱ ወንድም በገጠር ሞተ። ሚስቱ ላቀች ልጆቿን ይዛ ማደሪያ አጣች፤ የባሏ ዘመዶች መሬቱንም ቤቱንም ተካፈሉት። እማማ ደብሪቱ ከለቅሶው ሲመለሱ ዘውገን ጠሩት።

«ልጄ፣ የላቀችን ነገር ሰምተሃል። ከእኔ በቀር መሸሸጊያ የላትም። ቤቷን ለእሷ እፈልጋታለሁ።»

ዘውገ ፊቱ ጠቆረ። «አንጓች እኮ ወሯ ገብቷል፣ እማማ።»

«አላውቅም ብለህ ነው? እስክትወልድ፣ እስክትጠና ድረስ እዚሁ ሁኑ። ላቀች እስከዚያ እኔው ጋ ተጣብባ ትቆያለች። ቀስ ብለህ ቤት ፈልግ ልልህ ነው።»

ሴትዮዋ ያሉት ይህን ነው። ዘውገ የሰማው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ «ቤቷን እፈልጋታለሁ» የሚለውን። የቀረው በጆሮው አጠገብ አልፎ ሄደ። ሰው ቅር ሲለው ጆሮው ይጠብበታል።

«ግድ የለም። ማንም ተጣቦልን አንኖርም። ከወንዙ ማዶ ቤት አለ።»

«ኧረ ልጄ፣ በዚህ ዝናብ፣ እንዲህ ከብዳ ሳለች…»

«ግድ የለም አልኩ እኮ እማማ።»

እዚህ ላይ የአገራችንን ወግ ልንገራችሁ፤ ያለ እሱ የሚመጣው ነገር አይገባም። በዋርካ በር ተከራይ ሲለቅ ቤቱን ይጠርጋል፣ ወለሉን በእበት ይለቀልቃል። ከዚያ ባለቤቷን ይጠራና ቁልፉን በመዳፏ ላይ ያስቀምጣል። እሷም እጁን ከነቁልፉ ጨብጣ «የገባህበት ይሙላ፣ የወጣህበት አይጉደል» ብላ ትመርቀዋለች። ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ካልገባ ግን ሰውየው ቤቱን ለቀቀ አይባልም። ዕቃው ሁሉ ወጥቶ፣ ደጁ ተዘግቶ እንኳ ቤቱ ገና የእሱ ነው። በዚህ የተነሳ ተጣልተው የሚለያዩ ሰዎች እንኳ ለዚያች ለቁልፏ ሲሉ ፊት ለፊት ይቆሙ ነበር። ብዙ ጠብ በዚያች ቁልፍ ላይ በርዷል።

የሚለቁበት ዕለት ጠዋት እማማ ደብሪቱ ላቀችንና ልጆቿን ሊቀበሉ ወደ መናኸሪያ ሲወርዱ በደጃፉ ቆም አሉ።

«አንጉዬ፣ እስክመለስ ቆዩኝ። መርቄ ልሸኛችሁ።»

«እሺ እማማ» አለች አንጓች። ዘውገ ጀርባውን ሰጥቶ ገመድ ይፈታ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ባለጋሪው ጋሽ ቢረዳ ደረሱ። ሥራቸው የሰው ዕቃ ማጓጓዝ ነው፤ ከዕቃው እኩል ደግሞ የሰውን ወሬ ያጓጉዛሉ ይባላል። ዳማ ፈረሳቸውን ከግራሩ ሥር አቁመው ሳይወርዱ አንጓችን አዩዋትና «እኔ ዕቃ ጫን ተባልኩ እንጂ ሁለት ነፍስ ያላት ሴት ጫን መቼ ተባልኩ?» አሉ።

አንጓች ሳቀች። ከዚያ መጥረጊያዋን አነሳች።

«ምን ልትሠሪ ነው?» አላት ዘውገ።

«ልጠርግ ነዋ። እበቱም መጥቷል፤ ያውልህ በደጅ።»

«ተዪው።»

«ምን ማለትህ ነው? ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የሚለውን እኔ ልንገርሽ። አናጢው ዘውገ ቤቱን እንዳገኘው አስረከበ ይላል። ስገባ ምን ነበረች? ጥላሸት። መስኮት ነበራት? አልነበራትም። እንግዲህ እንደነበረች ትሁንላቸው!»

መጥረጊያዋን ከእጇ ወሰደና ጋሪው ወለል ላይ ወረወረው። አልጋው፣ ሳጥኑ፣ የሥራ ጠረጴዛው ሁሉ በላዩ ተጫነበት። ከዚያ ጉጠቱን አንስቶ ያችን የዋንዛ መስኮት ከነማጠፊያዋ ነቀላት። ግድግዳው ላይ ባዶ ቀዳዳ ቀረ። የምድጃውን አመድ፣ በጠረጴዛው ሥር የተከመረውን ሰጋቱራ በወለሉ ላይ በተነው። ቀጥሎ የድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቀና በጣሳ ከውሃ ጋር በጥብጦ፣ በእራፊ እየነከረ ያንን በገዛ እጁ ያነጣውን ግድግዳ ይለቀልቀው ጀመር።

ጋሽ ቢረዳ በበሩ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

«እኔ ስንት ሰው ጭኛለሁ! ቤት ለማቆሸሽ እንዲህ የሚደክም ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ። አንተ ሰው፣ በዚህ ጉልበትህ እበቱን ብትለቀልቅ እኮ ወለሉ መስታወት ይሆን ነበር።»

«ጋሽ ቢረዳ፣ እርስዎ ፈረስዎን ይጠብቁ።»

«ፈረሴስ ጠባዩን አውቃለሁ።»

አንጓች ደጃፉ ላይ ወገቧን ይዛ ቆማ ነበር። አልተቆጣችም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«ምርቃቱስ? ልጅ በሆዴ ይዤ ሳልመረቅ ልወጣ ነው?»

«ምርቃት ከፈጣሪ ነው።»

«ከፈጣሪስ ነው፤ የሚልከው ግን በሰው አፍ ነው።»

ዘውገ ቸኮለ። በሩን ቆለፈ። ቁልፉን በአጥሩ እንጨት ላይ፣ ከውጭ በኩል ሰቀለው። አንጓችን ደግፎ ጋሪው ላይ አወጣትና «እንሂድ» አለ።

ወንዙ ጋ ሳይደርሱ ድምፁ ተሰማ። ማለዳ እነሱ ዘንድ ካፊያ ነበር፤ ደጋው ላይ ግን ዶፉን አውርዶት ኖሮ ውሃው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ፣ ከነግንዱ ከነአፈሩ እየተንደረደረ ይወርዳል። ጋሽ ቢረዳ ልጓሙን ሳቡ።

«ዛሬ ይህ ሰው አያሻግርም።»

«እንጠብቀው። ይጎድላል።»

«ይጎድላል። ሰማዩን ግን አይተኸዋል?»

ሰማዩ ከበላያቸው ጠቁሮ ነበር። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ዘውገ ሸራ ሊስብ ሲጣደፍ አንጓች የጋሪውን ጠርዝ ጨብጣ ጎንበስ አለች። ጣቶቿ ነጡ።

«ዘውጌ» አለች። ሌላ ነገር አላከለችም። ማከልም አላስፈለጋትም።

ጋሽ ቢረዳ ማንንም ሳይጠይቁ ፈረሱን አዞሩት።

«ወዴት ነው?» አለ ዘውገ፤ እያወቀ።

«ወዴት ይሆናል? በር ወዳለው።»

«ሌላ ቤት እናንኳኳ።»

«እናንኳኳለን፤ ግን መንገዱ በዚያው ነው።»

መንታ መንገዱ ላይ ሲደርሱ እማማ ደብሪቱን አገኟቸው። ላቀች ጥቁር ለብሳ፣ አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌሎቹን እየጎተተች ከኋላቸው አለች። እማማ ደብሪቱ አንጓችን አንድ ጊዜ አዩዋት። እሳቸው ብዙ ያዋለዱ ሴት ናቸው፤ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋቸውም።

«ወደ ቤቷ ንዳው፣ ቢረዳ!»

«እማማ፣» አለ ዘውገ፣ ከጋሪው ወርዶ በጭቃው እየተከተለ፣ «ቤቱን እኮ ለቀናል።»

«ቁልፉን ማን ተቀበለህ?»

«አጥሩ ላይ ሰቅየዋለሁ።»

«አጥር መራቂ ሆነ እንዴ? ከእጄ እስካልገባ አልለቀቅህም። ቤቱ ያንተ ነው። ልጅህም በቤትህ ይወለዳል።»

«ምናልባት በእርስዎ ቤት ብትሆን…»

«በእኔ ቤት! እነዚህ ሁሉ ልጆች፣ ያ ሁሉ የረጠበ ጓዝ ሲገባ አራስ የት ትተኛለች? ባዶ ቤት እያለ? ምን ነካህ፣ ፍጠን እንጂ!»

ዘውገ ያን ጊዜ ወንዙ እሱን ይዞት በሄደ ኖሮ ብሎ ተመኝቷል ይባላል። መመኘቱን ማን እንዳወቀ እንጃ፤ ግን ይመስለኛል። እነሆ የሚፈራው ቤት የራሱ ነው፤ ያበላሸውም ራሱ ነው፤ አሁን ደግሞ በደግነት እየገፋፉ የሚያስገቡት እዚያው ነው። አንጓች ምጡ ሲተዋት ቀና ብላ አየችው።

«ንገራቸው።»

አፉን ከፈተ፤ ዝናቡ ገባበት። ጋሽ ቢረዳ አሳላቸው።

ደጁ ሲደርሱ እማማ ደብሪቱ ቁልፉን ከአጥሩ ላይ ሊያነሱ ነበር። ከዚያ እጃቸውን መለሱት። «አንተ ክፈተው። ባለቤቱ ነህ» አሉት።

ከፈተው።

በዚያች ባዶ ቀዳዳ ዝናቡ ልክ በማሰሮ እንደሚገለበጥ ይገባ ነበር። አመዱና ሰጋቱራው ርሶ ወለሉ ላይ እንደ ገንፎ ተንሳፍፏል። በግድግዳው የተቀባው ጥላሸት ገና ሳይደርቅ ስለነበር፣ በኖራው ላይ እየተጎተተ ወርዶ፣ ቤቱ ያለቀሰ ይመስላል።

እማማ ደብሪቱ ደጃፉን ይዘው ቀሩ።

«እመቤቴ! ምን ገባብን? ሌባ ነው? መስኮቷንም ወስዷታል!»

ይኸውላችሁ፣ ውሸቱ ተዘጋጅቶ ቀረበለት። ሌባ ነው ቢል ማን ያውቃል? አንጓች ባሏን አታሳጣም። ጋሽ ቢረዳ የፈረሳቸውን ጆሮ ያሻሉ። አንዲት «አዎ» ብትወጣው ነገሩ ሁሉ ያልፍለት ነበር። ዘውገ ወደ አንጓች ዞረ፤ እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ የላቀችን ትከሻ ጨብጣለች። በሆዷ ያለው ልጅ የሚሰማው የመጀመሪያ የአባቱ ቃል ይህ ሊሆን ነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ምን?»

«እኔ ነኝ ያደረግሁት። መስኮቷም ጋሪው ላይ ናት።»

እማማ ደብሪቱ እንደ ቁጣ ሳይሆን እንደ መደነቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት።

«ለእኔ ብለህ ነው?»

ዘውገ አቀረቀረ።

«እኔ እኮ እዚህ አላድርም፣ ልጄ። የምትገባው ላቀች ነበረች።»

ዘውገ ለመጀመሪያ ጊዜ ላቀችን አያት። ባሏን ቀብራ፣ ከቤቷ ወጥታ፣ ከሩቅ አገር ተንገላትታ የመጣች ሴት። ልጆቿ በዝናቡ ውስጥ ተደርድረው በቀሚሷ ጨርቅ ሥር ለመግባት ይገፋፋሉ። ጥላሸቱን ለእማማ ደብሪቱ ሲቀባ፣ እጁ ይህችን ፊቷን የማያውቃትን ሴት እየቀባ ነበር። ክፋት እንደ ድንጋይ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ፤ ስትወረውረው ያለመከው ላይ አያርፍም።

ላቀች ያዘለችውን ልጅ ለታላቅ እህቱ ሰጠችና የቀሚሷን እጅጌ ሰበሰበች።

«ቆይ፣ አንቺ አይደለሽም» አሏት እማማ ደብሪቱ። ወደ ዘውገ ዞሩ። «የት የት እንደቀባኸው አንተ ታውቀዋለህ። ግባና ጥረግ። ቶሎ!»

ያን ዘመን ወንድ ቤት ጠረገ ማለት እስከ ልጅ ልጅ የሚወራ ነገር ነው። ዘውገ ግን ያ ትዝ አላለውም። ወደ ጋሪው ሮጠ፤ መጥረጊያው ከአልጋው፣ ከሳጥኑ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ራሱ የወረወረበት ወለል ላይ ነው። ያን ሁሉ ለማውረድ ጊዜ አልነበረም። ጋቢውን ከትከሻው ገፈፈና ገባ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ያንን የአመድ ገንፎ በሁለት እጁ እየዛቀ በጋቢው ተሸክሞ አወጣ፤ ተመለሰ፤ አወጣ። ጋቢውን በዝናቡ አጥቦ ወለሉን አበሰበት። ግድግዳውን ሲያብሰው ግን ጥላሸቱ ይብስ ተስፋፋ።

«እሱን ተወው፤ ነፋሱን ዝጋልኝ!» አሉት እማማ ደብሪቱ ከበረንዳው፣ የአንጓችን ወገብ እያሹ።

መስኮቷን አመጣ። ጋሽ ቢረዳ ከውጭ ሆነው በትከሻቸው ደገፉለት። ዘውገ በመዶሻው ሲመታ አንጓች በበረንዳው ትጮኻለች፤ እሷ ስትጮኽ መዶሻው ይስታል።

«ጣትህን ነው ሚስማሩን?» አሉት ጋሽ ቢረዳ።

«ሁለቱንም መሰለኝ።»

«ሚስማሩን አስቀድም። ጣት ይድናል።»

ቤቱ ከነፋስ ዳነ፤ ወለሉ ግን እርጥብ ነበር፤ ምጡም ጊዜ አልሰጠም። ያን ጊዜ ጋሽ ቢረዳ ከጋሪው መቀመጫ ሥር፣ በቆዳ የተጠቀለለውን የፈረሳቸውን ጭድ አወጡ። ደረቅ ነበር።

«ዳማዬ ዛሬ ጾሙን ይዋል» ብለው በወለሉ ላይ በተኑት። እማማ ደብሪቱ በላዩ ቁርበት አነጠፉ። በጭድ ላይ መወለድን ማን እንዳከበረው እናውቃለን፤ በዚያ ማንም ያፈረ አልነበረም። ወንዶቹ ወጡ፣ ሴቶቹ ገቡ፣ በሩ ተዘጋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው። ጋሽ ቢረዳ የነገሩት ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር የሆነውን ነው። ምጡ በረታ። ከውስጥ «ማርያም፣ ማርያም» የሚል የሴቶች ድምፅ ይወጣል፤ ዝናቡ ይውጠዋል። ዘውገ ያችን በጥላሸት የጨቀየች ጋቢውን በእጁ ይዞ፣ ሸሚዙ በገላው ላይ ተጣብቆ ቆሟል።

«ጋሽ ቢረዳ፣ ብርዱ ቢገባት? ያ ቆሻሻ ቢይዛት? ልጁስ?»

ጋሽ ቢረዳ እስከዚያ ሰዓት በቀልድ ያላለፉት ጥያቄ አልነበረም ይባላል።

«ዝም በልና እመቤታችንን ጥራ» አሉት። «እኔም አብሬህ እጠራለሁ።»

ሁለቱ ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው በዝናቡ ውስጥ ቆሙ። የተናገሩትን አላውቅም። ሰው የልቡን ሲጸልይ ቃሉን አይተርክም።

ዝናቡ ቀጠን ሲል የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ ወዲያው እልልታ ቀጠለ። እማማ ደብሪቱ በሩን ገርበብ አድርገው ብቅ አሉ። ፊታቸው በላብ ርሷል፤ ግድግዳውን እየተደገፉ ስለነበር ክንዳቸው ጥቁር ነው።

«ሴት ልጅ ናት። እናትየዋም ደህና ናት፣ ክብር ለስሙ ይሁን።»

ዘውገ እግራቸው ላይ ወደቀ። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

«ተነስ፣ ተነስ! ጉልበትህን እየው፤ ጭቃ ነው እኮ። ስንት ለፍተን ያጸዳነውን ቤት ደግመህ ልታቆሽሽብኝ ነው?»

ጋሽ ቢረዳ ያኔ ሳቃቸው ተመለሰላቸው።

ዘውገ እጁንና እግሩን ታጥቦ ሲገባ፣ አንጓች ሕፃኗን አቅፋ ተኝታ ነበር። በራስጌዋ፣ በጥቁሩ ግድግዳ ላይ የእጅ ቅርጾች አየ፤ ነጫጭ ናቸው። አንጓች ስታምጥ ግድግዳውን ስትይዘው ጥላሸቱ በመዳፏ እየለቀቀ፣ ከሥሩ የቀድሞው ኖራ ወጥቶ ነው። መዳፎቿ ጥቁር ሆነው ግድግዳው በመዳፎቿ ልክ ነጥቶ ነበር። ዘውገ ቂሙን በሙሉ ያፈሰሰበት ቤት፣ እሷ በጭንቋ በያዘችው ያህል ብቻ ጸድቷል።

ልጅቱ ክርስትና እስክትነሳ ድረስ እዚያው ኖሩ። ላቀችና ልጆቿ እማማ ደብሪቱ እንዳሉት ተጣበው ቆዩ፤ ማንም በመጣበብ አልሞተም። አራሷን ያረሰቻት ላቀች ናት፤ እንግዳ ሆና የመጣች ሴት ለልጅቱ ሁለተኛ እናት ሆነች። ዘውገ በበኩሉ ሥራውን ሲጨርስ ማታ ማታ ለላቀች ልጆች የሚሆን ሰፊ የእንጨት አልጋ ይሠራ ነበር። ለማን እንደሆነ ሲጠየቅ «ለሚገባው» ይላል።

በጋ ገባ። ወንዙ ሕፃን ልጅ የሚሻገረው ሆነ። ጋሽ ቢረዳ ዳማቸውን ይዘው እንደገና መጡ። ዘውገ ግን አልጨረሰም ነበር። ግድግዳውን በሙሉ ኖራ ቀብቶ አድርቋል። የመዳፎቹን ቦታ መጨረሻ ላይ ነበር የቀባው፤ «ተዋቸው፣ ይቅሩ» ብትለው አንጓች፣ «ላቀች ነጭ ግድግዳ ይገባታል» አላት። የመስኮቷን ማጠፊያ በቅባት አሽቷል። አሁን ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እበቱን በእጁ መዳፍ እያለሰለሰ ወለሉን ይለቀልቃል፤ ከጥግ ጀምሮ ወደ በሩ እየሸሸ፣ የራሱን ዱካ እያጠፋ።

ሲጨርስ እጁን ታጠበና ቁልፉን ይዞ ወደ እማማ ደብሪቱ ሄደ። ፊት ለፊታቸው ቆመና በመዳፋቸው ላይ አኖረው። እሳቸው እጁን ከነቁልፉ ጨብጠው መረቁት፤ የገባህበት ይሙላ፣ የወጣህበት አይጉደል። አንጓች በጋሪው ላይ ሆና፣ ልጅቱን በአንቀልባ አዝላ፣ «አሜን» አለች።

ያን ጊዜ በመንገዱ የሚያልፍ አንድ ከሌላ ቀበሌ የመጣ እህል ነጋዴ ነገሩን ቆሞ ሲያይ ኖሮ፣ ሳቅ ይዞት ወደ ጋሽ ቢረዳ ጠጋ አለ።

«አያ ባለጋሪ፣ ይህ ሰው ምን ነካው? ነገ ለማያድርበት ቤት፣ ያውም ወንድ ልጅ ተንበርክኮ እበት ይለቀልቃል?»

ጋሽ ቢረዳ ቀልድ ነበራቸው፤ ሁልጊዜም አላቸው። ያን ቀን ግን ልጓሙን በእጃቸው ጠቅልለው ወደዚያች ነጭ ቤት፣ ከዚያም በእናቷ ጀርባ ላይ ወደተኛችው ሕፃን አዩና፣ ቀስ ብለው እንዲህ አሉት፤ «የሚለቁትን ቤት ይጠርጉታል፤ ማን እንደሚወለድበት ማን ያውቃል!»